ኮንቴይነሩ ቁጥር አለው፣ ቦርደዴስ?

ከጅቡቲ ወደብ የተጫነ ኮንቴይነር በባቡር ድሬዳዋን አልፎ፣ በሚኤሶ በኩል የምዕራብ ሐረርጌን ቆላ አቋርጦ ወደ አዋሽ ሲያመራ ጎኑ ላይ አሥራ አንድ ምልክቶች ይነበባሉ፤ አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኃዞች። ፊደላቱ የባለቤቱን ድርጅትና የመያዣውን ዓይነት፣ ቀጣዮቹ ስድስት አኃዞች ተራ ቁጥሩን ያመለክታሉ። የመጨረሻዋ አኃዝ ከቀደሙት አሥሩ ተሰልታ የምትገኝ መቆጣጠሪያ ናት። ጸሐፊው አንዷን አኃዝ ቢያሳስት ስሌቱ አይገጥምለትም፤ ስህተቱም በአብዛኛው እዚያው ይጋለጣል።

መርከቡ የራሱ ዝርዝር አለው። ወደቡም፣ ባቡሩም፣ ጉምሩኩም፣ የሞጆ ደረቅ ወደብም እንዲሁ። ሁሉም ሰነዱን በየራሱ ቅጽ ይሞላል፣ ሁሉም የሚፈልገው መረጃ ይለያያል። ሆኖም ያቺ ቁጥር በሁሉም ዘንድ አንድ ስለሆነች የአንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር ማገናኘት የደቂቃ ሥራ ነው። የመረጃ ቋት ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን መለያ ቁልፍ ይሉታል። የአንዱ ሰንጠረዥ ቁልፍ በሌላው ሰንጠረዥ ውስጥ ተጽፎ ሲገኝ ደግሞ ሁለቱ ሰንጠረዦች ተዛመዱ ይባላል።

በአዋሽና በሚኤሶ መካከል በአስፋልቱ ዳር የተቆረቆረችው ቦርደዴ እንደ ኮንቴይነሩ አልታደለችም። ከቦታዋ ፈቀቅ ሳትል በመንግሥት መዝገብ ላይ ያላት አድራሻ ደጋግሞ ተቀይሯል። ሰንጠረዦች በምን እንደሚያያዙ፣ በምንስ እንደሚበጣጠሱ ለማየት ለሚሻ ሰው የዚህች ከተማና የአካባቢዋ ታሪክ ከብዙ የኮምፒውተር መማሪያ መጻሕፍት የተሻለ ያስረዳል።

ነገሩ በምዕራብ ሐረርጌ ካለው ከጨርጨር ይጀምራል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ከተሾሙት አንዱ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በመድፈኝነት ሠልጥነው የተመለሱ፣ «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የደረሱ፣ ኋላም በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የግዛቱ ዋና ከተማ አድርገው ቆረቆሩ። ጨርጨርንም አስተዳደሩ በደንብና በጽሕፈት የሚመራ፣ ለሌላው አርአያ የሚሆን ግዛት ሊያደርጉት ተነሡ።

አስተዳደር ወደ ጽሕፈት ሲገባ መጀመሪያ የሚወለደው ዝርዝር ነው። መሬቱ የማን ነው? ስንት ጋሻ ነው? ግብሩስ? እንዲህ ያለ መዝገብ ባለመሬቱን፣ መሬቱንና ግብሩን በአንድ ረድፍ የሚደረድር ከሆነ፣ በሦስት ቦታ መሬት ያለው ሰው ስሙ ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ሰውየው ከባላምባራስነት ወደ ግራዝማችነት ከፍ ያለ ዕለት ጸሐፊው ሦስቱንም ረድፍ ማረም ይኖርበታል። ሁለቱን አርሞ ሦስተኛውን ከዘነጋ መዝገቡ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ሰው ያውቃል፤ አንድ ግራዝማችና አንድ ባላምባራስ። መድኃኒቱ ሰውየውን በአንድ መዝገብ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ቁጥር መስጠት፣ በመሬቱ መዝገብ ላይ ደግሞ ማዕረጉንም ስሙንም ትቶ ያቺን ቁጥር ብቻ ማስፈር ነው። ከዚያ በኋላ ደጃዝማች ቢባል እንኳ የሚታረመው አንድ ቦታ ነው። በዛሬ አነጋገር በሰዎች መዝገብ ላይ ያለችው ቁጥር ፕራይመሪ ኪይ፣ በመሬቱ መዝገብ ላይ በእንግድነት የገባችው ያቺው ቁጥር ፎሪን ኪይ ትባላለች። የጥበቡ ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፈላት። አሰበ ተፈሪ የጨርጨር አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። የቆላው ሰው ጉዳይ ሲኖረው ማመልከቻው ከወረዳ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ከዚያ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ መልሱም በዚያው መሰላል ይወርዳል። የቦርደዴን ሰው ፋይል ለማግኘት መንገዱን ከላይ ጀምሮ ማወቅ ግድ ነው። ከመንገዱ አንዱ ደረጃ ስሙ ከተለወጠ ወይም ከቦታው ከተነሣ ፋይሉ ሳይጠፋ ይጠፋል።

የሚገርመው፣ አሜሪካኖቹም በዚያው ዘመን የኮምፒውተር መረጃቸውን ያደራጁት እንዲህ ባለ መሰላል ነበር። አይቢኤም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከሮክዌል ኩባንያ ጋር ሆኖ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የሠራው አይኤምኤስ የተባለ ሥርዓት ለሳተርን 5 ሮኬት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ክፍሎች ዝርዝር የታሰበ ነው። ሮኬቱ ላይ ሞተር፣ ሞተሩ ውስጥ ፓምፕ፣ ፓምፑ ላይ ብሎን። ከብሎኗ ለመድረስ ከአናቱ ተነሥቶ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መውረድ ያስፈልግ ነበር። ለሮኬት ሠርቷል። ያቺው ብሎን በስንት ፓምፖች ላይ እንዳለች የጠየቀ ሰው ግን ጣጣ ውስጥ ይገባል።

ይህን መሰላል የጣለው ኤድጋር ኮድ ነው። እንግሊዝ አገር ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረ፣ ኋላ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ምርምር ይሠራ የነበረ የሒሳብ ሰው ነው። ሰኔ 1962 ዓ.ም. (ጁን 1970 እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ በተራ ሰንጠረዦች ይቀመጥ፣ ሰንጠረዦቹም በመንገድ ሳይሆን በውስጣቸው በተጻፈው ዋጋ ይተሳሰሩ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ፕራይመሪ ኪይና ፎሪን ኪይ የሚሉትም ስያሜዎች በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አሉ። አሠሪው አይቢኤም ከአይኤምኤስ ጥሩ ገቢ ያገኝ ስለነበር አልቸኮለም። በ1979 እ.ኤ.አ. ኦራክል የተባለውን ምርት ለገበያ ያቀረበው ያኔ ስሙ ያልታወቀ ትንሽ ኩባንያ ቀደመው። ኮድ በ1981 እ.ኤ.አ. የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ።

በኢትዮጵያ ግን ቁጥር ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በኮምፒውተር አይደለም፤ በአዋጅ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ሲያዝ በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማ ቀበሌ ተቋቋመ። ቀበሌው የቤት ቁጥርን ያዘ። የመታወቂያው ደብተር፣ የኪራዩ ደረሰኝ፣ የቀበሌ ሱቁ የስኳርና የዘይት ኩፖን ሁሉም በዚያች ቁጥር ተሳሰሩ። ይህ በእርሳስና በካርቦን የተሠራ የመረጃ ቋት መሆኑን ያኔ ማንም አላሰበም።

ጉድለቱም ቶሎ ታየ። ቁጥር 217 በቀበሌ 01ም በቀበሌ 02ም አለ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይለይም፣ ከቀበሌው ጋር ሲጣመር ብቻ ነው ቁልፍ የሚሆነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ሲገባ 217/ሀ፣ 217/ለ እየተባለ መቀጠል ግድ ሆነ። የባሰው ደግሞ ከቁጥር ምደባው በኋላ የተሠራው ቤት ነው። ዛሬም በብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ በቤት ቁጥር ቦታ «አዲስ» የሚል ቃል ተጽፎ ይታያል። ባለቤቱ በዚያ ቤት ሃያ ዓመት ኖሮበት ሊሆን ይችላል። የመረጃ ቋት ይህን አይቀበልም፤ ቁልፍ ባዶ መሆንም፣ ከአንድ በላይ መደገምም የለበትም። «አዲስ» ግን በአንድ ጊዜ ባዶም፣ ብዙም ነው።

መሰላሉ ራሱ በበኩሉ አላረፈም። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት ሐረርጌ ተከፋፍሎ ምዕራብ ሐረርጌ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ። ከዚያ በኋላ የኦሮሚያ ክልል ዞን ሆነ፣ አውራጃ የሚባለው ደረጃም ቀረ። አሰበ ተፈሪ ጭሮ ተባለች፤ የአካባቢው ሰው ግን እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይጠራል። ከአንዱ ዘመን መዝገብ ተነሥቶ በሌላው ዘመን መዝገብ ያንኑ ቦታ የሚፈልግ ሰው በስም ብቻ ከሄደ መንገድ ላይ ይቀራል።

በስም የመሄድ አደጋ ከሁሉ በላይ የሚታየው በሚኤሶ ነው። ጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በሚያከራክሩ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነበር፤ ሚኤሶም ከሚያከራክሩት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሚኤሶ የሚባል ወረዳ በኦሮሚያ ምዕራብ ሐረርጌ ዞን አለ፤ ሚኤሶ የሚባል ወረዳ በሶማሌ ክልል ያኔ ሺኒሌ በተባለው ዞንም አለ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ስንዴውን «ለሚኤሶ ወረዳ» ብሎ ቢመዘግብ ጭነቱ የየትኛው እንደሆነ መዝገቡ ሊመልስ አይችልም።

ስታቲስቲከኞች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ለየቦታው የቁጥር ኮድ መስጠት ነው። ኦሮሚያ 04፣ ሶማሌ 05። በኦሮሚያ ውስጥ ምዕራብ ሐረርጌ 09፣ ምሥራቅ ሐረርጌ 10። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ እርዳታ አስተባባሪ ቢሮም በካርታዎቹ ላይ ምዕራብ ሐረርጌን የሚጠራው በአገሪቱ ሁለት ፊደላትና በ0409 ነው። የዝናብ ሰንጠረዥ፣ የገበያ ዋጋ፣ የተረጂ ብዛት በተለያዩ ተቋማት ተዘጋጅተው ሳለ በአንድ ካርታ ላይ የሚገናኙት በዚህች ቁጥር ነው።

ኮዱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን መሰላሉን በሆዱ ይዟል። 0409 የሚለው ቁጥር ስለ ቦታው የሚናገረው ነገር አለ፤ ኦሮሚያ ውስጥ መሆኑን። ቦታው ወደ ሌላ ክልል ቢዛወር ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል፣ መቀየርም አለበት፤ ቁልፉ ሲቀየር ደግሞ በእሱ የተንጠለጠለው የቀድሞ ዓመታት መረጃ ሁሉ ይላቀቃል። ቦርደዴ ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ አይደለም። ከአሰቦት ከተማ ጋር በሚኤሶ ወረዳ ስር ስትታወቅ የቆየችው ከተማ በኋላ ጉምቢ ቦርደዴ የሚባል አዲስ ወረዳ ሲቋቋም አድራሻዋ ተቀየረ። በ1999 ዓ.ም. የወረዳዎች ዝርዝር ውስጥ ጉምቢ ቦርደዴ የለም። የዛሬውን ወረዳ ከዚያን ጊዜው ጋር ለማነጻጸር የፈለገ ባለሙያ የትኛው ቀበሌ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሌላ ሰንጠረዥ፣ አሮጌውን ኮድ ከአዲሱ የሚያዛምድ፣ መሥራት ይኖርበታል። ይህን ሰንጠረዥ በጊዜው አዘጋጅቶ የማስቀመጥ ልማድ የለንም ማለት ይቻላል። ደንብ ወጥቶ ወረዳ ይቋቋማል፤ የትናንቱን ከዛሬው የሚያገናኘው ወረቀት ግን በአንድ ባለሙያ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የሰው ስምም ከቦታ ስም የተሻለ አይደለም። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች። በምዕራብ ሐረርጌ ላይ ሌላም ይጨመራል፤ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች በኦሮምኛ (በቁቤ)፣ የፌዴራሉ ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ ባንኩና የእርዳታ ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። መሐመድ የሚለው ስም በእነዚህ ሦስት አጻጻፎች ስንት ዓይነት ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ያስበው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገርም ስለሌለን ባልና ሚስት በስማቸው አይገናኙም፤ እናትና ልጅም እንዲሁ። ዝምድናውን የሚያውቀው መዝገብ ላይ በግልጽ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. መነሻ ቀኑ የሆነው ሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ያስደስታል። በዞኑ 1,871,706 ሰዎችና 395,127 ቤተሰቦች ተመዘገቡ። እነዚህ ሁለት አኃዞች የሁለት ሰንጠረዥ ርዝመቶች ናቸው። በቤተሰብ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ፣ በሰው ሰንጠረዥ በአማካይ 4.74 ረድፎች ይኖሩታል፤ የአንድ ለብዙ ዝምድና የሚባለው ይህ ነው። ቆጣሪው ቅጹ አናት ላይ ክልሉን፣ ዞኑን፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውን፣ የቆጠራ ቦታውን፣ የቤቱንና የቤተሰቡን ቁጥር ይሞላል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሰው በተራ ቁጥር ይዘረዝራል። ቤተሰብ ቁጥር 27 በየቆጠራ ቦታው አለ፤ ሁሉም ኮዶች አንድ ላይ ሲቆሙ ግን በመላ አገሪቱ አንድ ብቻ ናት። የሰው ስም ተሳስቶ ቢጻፍ እንኳ ሰውየው ከቤተሰቡ አይለይም። በገጠር አንድ የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ እንዲይዝ መደረጉም ቆጣሪው ቁጥሩን ሳያቀላቅል እንዲጨርስ ረድቷል።

ብዙ ለብዙ የሚባለውን ዝምድና ለማየት ደግሞ ከሴፍቲኔት የተሻለ ቦታ የለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምዕራብ ሐረርጌ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ነው። መሥራት የሚችለው በእርከን፣ በኩሬ ወይም በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ አረጋዊውና አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይደገፋል። የሥራው መጠን የሚለካው በተመዘገበ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ተብሎ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው በሁለት ሥራዎች ላይ ይሠራል፤ በአንድ ሥራ ላይም ብዙ ሰው አለ። ሰውየውን በሥራው መዝገብ፣ ሥራውን በሰውየው መዝገብ ላይ ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ዓምድ ያልቅበታል። የሚያዋጣው ሦስተኛ ሰንጠረዥ ነው፤ የሰውየው ቁጥር፣ የሥራው ቁጥር፣ ቀኑ። ፎርማኑ ይህን ሰንጠረዥ ሳያውቀው ይዞት ይዞራል፤ አቴንዳንስ ይለዋል። ፕሮግራሙ ፓስ የተባለውን የኮምፒውተር አሠራር ያስገባውም አቴንዳንሱን ከፔይሮሉ ጋር ለማያያዝ ነበር።

አቴንዳንስ ላይ የሰፈረ ቁጥር በቤተሰብ መዝገብ ውስጥ ከሌለ በደንብ የተሠራ የመረጃ ቋት ረድፉን አልቀበልም ይላል። በወረቀት የሚሠራ ፔይሮል ግን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ የሌለ ሰው ደመወዝ የሚበላውም በዚህ ቀዳዳ ነው። ተቃራኒውም አለ። አንድ ቤተሰብ ራሱን ችሎ ከፕሮግራሙ ሲመረቅ ረድፉን መሰረዝ ያለፉትን ዓመታት ክፍያዎች ባለቤት አልባ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ቋቱ ስረዛውንም ይከለክላል፤ ተመራቂው በመዝገቡ ላይ «ተመርቋል» ተብሎ ይቆያል እንጂ አይወጣም።

የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባም በዚሁ ፈተና አልፏል። ለባለይዞታ አንድ ዓምድ፣ ለሚስት አንድ ዓምድ ያለው ደብተር አንድ ባልና አንድ ሚስት ላሉበት ቤት ይበቃል። ሁለት ሚስት ያለው አባወራ ባለበት አገር፣ ሐረርጌም ከዚያ ወገን ናት፣ ሁለተኛዋ ሚስት የምትጻፍበት ዓምድ አይኖርም። ሰንጠረዡ ሲነደፍ የታሰበው ቤተሰብና በሜዳው ያለው ቤተሰብ ካልተገናኙ በመጨረሻ መሬቷን የምታጣው ያልተጻፈችው ሴት ናት። ባለይዞታን በአንድ ሰንጠረዥ፣ ማሳን በሌላ፣ መብትን በመካከል በሦስተኛ ማስቀመጥ ይህን ይፈታል፤ ለአንድ ማሳ የፈለገውን ያህል ሰው ማያያዝ ይቻላልና።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1284 የቆመው ፋይዳ መጥቷል። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ባለቤቱ የጭሮ ይሁን የቦርደዴ፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት አይናገርም። ከላይ እንደታየው ጥንካሬው ይኸው ነው፤ ወረዳው ቢከፈልም፣ የሰውየው ስም በቁቤ ቢጻፍም ቁጥሩ የሚቀየርበት ምክንያት የለውም። ባንኩም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ሴፍቲኔቱም ያቺን ቁጥር ከያዙ መዝገቦቻቸው እንደ ኮንቴይነሩ ሰነዶች ይገናኛሉ። ይህ ምቾት ዋጋ አለው። ሁሉንም ሰንጠረዥ የሚከፍት አንድ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ የዜጋ ፋንታ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ለዚህ የተበጀ ነው። ሕጉ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ሲሠራበት ማየት ይቀራል።

ፋይዳ ግን ሰውን እንጂ ቦታንና ቤተሰብን አይቆጥርም። ያን የሚያደርገው ቆጠራ ነው፤ አራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በታብሌት ሊካሄድ ታስቦ ተደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላለፈ፣ እስካሁንም አልተካሄደም። ጉምቢ ቦርደዴ በወረዳነቷ በሕዝብ ቆጠራ ተቆጥራ አታውቅም።